የተውሶ ካባ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ መስኮቱ አላበው፣
የጁቤይል ባሕር ከውጭ ቢያረጥበው፤
ነዳጅ ማጣሪያው ላይ እሳት ይወዛወዛል፣
የድኝ ሽታው ገብቶ ጉሮሮ ይይዛል።
ስሜ ሉባባ ነው፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ፣
እንጀራዬ ጠርሙስ፣ ጓንት ያላሸቀው እጅ።

ከኋላዬ ደግሞ አንተ አለህ፤ ትሠራለህ፣
በብረት ጋን ታሽገህ ስኳር ትልሳለህ።
ለእነሱ ባክቴሪያ፣ ለእኔ የሥራ ጓደኛ፣
ሁለታችን ሌሊት ገቢ፤ ማን ቀድሞ ይተኛ?

ዶክተር ሙኒፋ ናት ታሪክህን የነገረችኝ፣
በወረቀት ብርጭቆ ሻይዋን እያካፈለችኝ።
«ይኸ ፍጡር» አለች «በሰው አንጀት ያድራል፣
የሰው ስኳር አስመስሎ ካባውን ይሠራል፤
የደማችን ዘብ ደርሶ ቆሞ ሲፈትሸው፣
የቤት ልጅ ነው ብሎ ያልፋል፤ ካባው ነው የሚያሸሸው።»
ሳቅሁ።
እኔስ በጥቁር አባያ ገበያውን ሳቋርጥ፣
ስንቱ ፖሊስ አለፈኝ ኢቃማ ሳያገላብጥ?

ካባህ ዶቃ ነው አሉ፣ ስኳር በስኳር የተሰካ፣
እንደ ሙስበሃ ረጅም፣ ጫፉ የማይነካ።
ከሌላ ፍጡር ቆርሰው አዲስ ጥበብ ጨመሩብህ፣
በየዶቃው ድኝ እንድትነቅስ ትእዛዝ ጻፉብህ።
ለራስህ የማትለብሰውን ሸማ ያሸምኑሃል፣
«ደም ሆይ አትርጋ» የሚል ቃል በክሩ ያስጽፉሃል።

ደም ሲረጋ አይቻለሁ።
ከዚህ በፊት፣ ደማም ሳለሁ፣
የሐጃ ጡርፋ አስታማሚ ነበርሁ።
በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት፣
ቱቦውን አያለሁ፣ ደሟ ሲሄድ ሲመለስበት።
«ሄፓሪኑ ከአሳማ ነው» አላት አንድ ወሬኛ፣
«ከአንጀቱ ፍቀው ነው፤ ስንት ዘመን ተኛን እኛ!»
ከዚያ ወዲያ መርፌው ይቅር አለች።
ሼኹ ፈቀዱ፣ ልጇ ለመነ፣ ሐኪሙ ተቆጣ፣
ቃሏ እንደ መንጋጋ ጥርስ፣ ነቅሎ የሚያወጣ ታጣ።

አንድ ረቡዕ ማሽኑ ጮኸ።
ቀዩ ክር ከቱቦው መሃል ጠቆረ፣
ነርሷ ስትሮጥ አንድ እግር ጫማዋ ወለሉ ላይ ቀረ፤
ያንን ጫማ ይዤ ቆሜ፣ የማደርገው ጠፍቶኝ፣
ደም ጓጉሎ ጉበት ሲመስል ዓይኔ እያየ ፈዝዞኝ።
ያን ቀን አልሞተችም።
ብርዱ ሲገባ ነው የሄደችው፣ በእንቅልፏ።
በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ፣
እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ አላውቅም።

ዶክተሯን ጠየቅኋት፦ «የዚህኛውስ መርፌ መቼ ይደርሳል?»
«ገና ነው፣ ሉባባ፤ ጥንቸል እንኳ አልቀመሰው፣ ዓመታት ያስፈልገዋል።
ዶቃው አንዳንዴ ያጥራል፣ ድኙ ቦታ ይስታል፣
አንዲት ስህተት ያለችበት ክር ሰው ይጎዳል።»
ብርጭቆዋን ጨመቀች፣ ወደ ቅርጫቱ ወረወረች፤ ሳተችው።
አንስቼ ጣልሁላት።

ሲነጋ ያፈሉሃል።
እሳቱ አንተን ይወስዳል፣ ካባህ ይቀራል፤
ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣
ከቡና ሲኒ የማይሞላ ነጭ ዱቄት ይሆናል።
ለመደበቂያ የሸመንኸው ለሰው ገበና ሆነ፣
የሸማኔው ስም ግን በየትኛው መዝገብ ሰፈነ?
የእኔስ ቢሆን ያለው በበሩ ወረቀት ላይ ነው፣
«ሌሊት ጽዳት» በሚለው ሥር፣ ፊደሉም ተሳስቶ።

ጋኑ ተከፈተ። ውስጡ ያንሸራትታል፣
ጓንቴ ላይ የተረፈህ እንደ ተልባ ያሟልጫል።
የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ውሃውን ልዘጋ እጄን ሰድጄ ተውሁት፣
አራተኛውን ለሐጃ ጡርፋ ብዬ ለቀቅሁት።
ከውጭ የማለዳው አዛን ጀመረ፣
የድኙ ሽታ ግን እዚያው ነበረ።